ፈቃድ ሰጪውና መርማሪው አንድ መሥሪያ ቤት አይሁን



በምርጫ ሰሞን ስለ ድንጋይ ከሰል መጻፋችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ባሌ የሚታወቀው በስንዴው ነው፤ የአገራችን ከሰል ጎልቶ የሚነሳው በኢሉባቦር፣ በጅማ፣ በዳውሮና በኮንታ ነው። ይሁን እንጂ በያዩ የሆነውን የጎሮ ገበሬም የሮቤ ነጋዴም ሊያውቀው ይገባል። ያዩ ላይ ቃል የተገባው ዩሪያ ለእኛም ስንዴ ነበርና።

ያዩ በኢሉባቦር የሚገኝ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት ደን ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ባዮስፌር ብሎ መዘገበው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በዚያው አካባቢ ካለው ከሰል ማዳበሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ግንባታ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። የሕዝብ ገንዘብ በቢሊዮን ፈሰሰ፤ ኮርፖሬሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ፕሮጀክቱ ከእጁ ወጣ። መሬቱ ተቆፈረ፣ ማዳበሪያው አልመጣም።

ፓርቲያችን ከሰል አይውጣ አይልም። የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካዎች ይፈልጉታል፤ ለዓመታትም በውጭ ምንዛሪ ከደቡብ አፍሪካ ስናስገባ ኖረናል። ዶላሩ እንዲቆጠብ እኛም እንሻለን። ክርክራችን የት ይቆፈር፣ ማን ይመርምር፣ ጉድጓዱንስ ማን ይድፈን በሚለው ላይ ነው።

ከሰል በገሃድ ሲቆፈር መጀመሪያ ዛፉ ይወድቃል፤ ቀጥሎ ለም አፈሩ ይገፈፋል። በተከመረው ድንጋይ ውስጥ ያለው ድኝ ዝናብ ሲያገኘው ውኃውን አሲድ ያደርገዋል፤ እርሱም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለዱር እንስሳት ግን ከጉድጓዱ ይልቅ ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ የሚከፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በመንገዱ እንጨት ቆራጩ ይገባል፤ ከሠራተኛው ካምፕ ጋር ውሻ ይመጣል። ውሻ ምን እንደሚያስከትል ለባሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ወይብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ የነበረውን ቀይ ቀበሮ አብዛኛውን ፈጅቷል። አባቶቻችን ጀዳላ ፈርዳ የሚሉት ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በእኛ ተራራ ላይ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። መዝገብ ላይ መስፈር ብቻውን አጥር እንደማይሆን ግን ያዩ አሳይቶናል። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ እቶኑ የሚነደው በከሰል ነው። ወይብ ወንዝ ፈልፍሎ ያበጀው የሶፍ ዑመር ዋሻም የኖራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለኢሉባቦር የምንጠይቀው ሕግ ነገ ለጎሮ የሚያስፈልገን ሕግ ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ሳይገመገም እንዳይጀመር፣ የጥናቱ ሪፖርትም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የመገምገም ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሲሰጥ፣ የማዕድኑ ሚኒስቴር አንዱ ተወካይ ነበር። ቆፍሩ ብሎ የሚፈቅደው አካል ቁፋሮው ይጎዳ እንደሆነ እንዲፈርድ ተደረገ ማለት ነው። በየትኛውም ችሎት ዳኛ የራሱን ጉዳይ አይዳኝም።

ምክር ቤት ከገባን ይህን ዓይነቱን ውክልና የሚከለክል አንቀጽ በአዋጁ እንዲገባ እንጠይቃለን። በብሔራዊ ፓርክና በባዮስፌር ክልል ውስጥ የማዕድን ፈቃድ እንዳይሰጥ፣ ከዚያ ውጭ የሚቆፍር ኩባንያ ደግሞ መሬቱን መልሶ የሚያለማበትን ገንዘብ የመጀመሪያው አካፋ ሳይነሳ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ እናደርጋለን። ሲጨርስ እከፍላለሁ የሚል ኩባንያ ሲጨርስ አድራሻው አይገኝም። ለወጣቱ የሥራ ዕድል ይዘጋል የሚሉ አሉ፤ አፈር መመለስና ችግኝ መትከል ግን ራሱ ሥራ ነው፤ ዛሬ ከፋይ ስለሌለው ብቻ ነው የማይሠራው።

እስከዚያው ድረስ መራጩ ባዶ እጁን አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። አቤቱታ መጻፍ ለሚሻ ሁሉ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ያለ ክፍያ ያግዛል።