የወር ደመወዝና የልብ ሥራ



ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ከአገና ደብዳቤ ጻፉልን። አገና በጉራጌ አገር ከወልቂጤ ወዲያ የምትገኝ የእዣ ወረዳ ከተማ ናት። የደብዳቤው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሆኖ ከተቀጠረ ሰባት ዓመት ሆነው። በየወሩ ከደመወዙ ከፍሎ ለቤቱ ይልካል፤ ታናሽ እኅቱም የምትማረው በዚሁ ገንዘብ ነው። ለመስቀል እንደ አገሩ ልማድ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ግን፥ ክትፎው ተበልቶ ጎረቤቱ ከተሰናበተ በኋላ፥ «አባቴ፥ ሥራዬን ልተው ነው፤ ከእንግዲህ ወዲያ መጽሐፍ ከመጻፍ በቀር ሌላ አልሠራም» አላቸው። እናቱ ዝም አሉ። አባትየውም እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አድረው፥ «ልከልክለው ወይስ ልመርቀው?» ሲሉ ጠየቁን።

ይህ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጸሓፊው ለብቻቸው መልስ ልከን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ዛሬ በከተማም ሆነ በባላገር፥ በሹሙም ሆነ በነጋዴው ቤት፥ ሥዕል ወይም ዜማ ወይም ድርሰት የሚወድ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩን በዚህ ገጽ በግልጽ መመርመሩ ለብዙዎች ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ፈጥኖ የሚመጣ መልስ ሁለት ነው። አንዱ ወገን፥ «በእጁ ያለውን እንጀራ ጥሎ ነፋስ የሚከተል ሰው ሞኝ ነው» ይላል። ሌላው ወገን፥ «ሰው የሚኖረው አንድ ጊዜ ነው፤ ልቡ የወደደውን ይሥራ» ይላል። ሁለቱም ለመናገር ቀላል ናቸው። የመጀመሪያው ተናጋሪ የልጁን ኀዘን አይሸከምለትም፤ ሁለተኛውም የእኅቱን የትምህርት ቤት ወጪ አይከፍልላትም። ለእኛ ደብዳቤው የመጣልን ከአባት ስለሆነ ሁለቱንም ሸክም ባንድ ሚዛን ላይ ማኖር ይገባናል።

አስቀድሞ አባትየው ራሳቸውን አንድ ነገር ይጠይቁ። የሚፈሩት ረኀብን ነውን ወይስ ኀፍረትን? በአገራችን በእጁና በድምፁ ጥበብ የሚኖረውን ሰው መናቅ የቆየ በሽታ ነው። በጉራጌ አገር እንኳ ያንን ያማረ ክብ ቤት ይሠሩ የነበሩት፥ ምሰሶውን ጠርበው የሚያቆሙት፥ ፉጋ እየተባሉ የሚጠሩት የእንጨት ጥበበኞች ነበሩ። ሰው በሠሩለት ቤት ይኖራል፤ ሠሪዎቹን ግን ያርቃቸው ነበር። ሸማኔውም፥ ቀጥቃጩም፥ አዝማሪውም በየአገሩ ይህን መሰል ዕጣ ደርሶባቸዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ በሽታ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ የአባትየው ፍርሃት «ልጄ ከቢሮ ወጥቶ ደራሲ ሆነ ቢባል ሰው ምን ይለኛል» የሚል ከሆነ፥ ዛሬውኑ ይጣሉት። ማሕሙድ አሕመድ ከጉራጌ ወላጆች በመርካቶ ተወልደው፥ በወጣትነታቸው ጫማ እየጠረጉ ኖረው፥ ኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆነው፥ ድምፃቸው ከኢትዮጵያ አልፎ በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰምቷል። ዛሬ በስማቸው የማይኮራ የጉራጌ ተወላጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንዲሁም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ተሰጥዎአቸው ወደ ሥዕል ስለ መራቸው ግን ትምህርታቸውን ለወጡ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራቸውን ያየ ሰው፥ «ምነው መሐንዲስ በሆኑ» ብሎ አይጸጸትም።

ፍርሃቱ የረኀብ ከሆነ ግን ሊናቅ አይገባውም፤ በሒሳብ ሊመለስ ይገባዋል እንጂ። አፈወርቅ ተክሌ መንገዳቸውን የለወጡት ገና ተማሪ ሳሉ ነው። የአገናው ልጅ ግን እኅት የሚያስተምር፥ ወላጅ የሚጦር ሰው ሆኗል። ለዚህ የሚያስተምረን የፈረንሳዊው ሠዓሊ የፖል ጎጋን ታሪክ ነው። ጎጋን በፓሪስ በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ፥ ሚስትና አምስት ልጆች ያሉት ሰው ነበር። በ1882 ገበያው ሲወድቅ፥ ሳይቆይ ሥዕልን ብቻ ሥራው አደረገ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ወደ ኮፐንሀገን ገባች፤ ቋንቋ እያስተማረችም ቤቷን ያዘች። እርሱ በ1891 ወደ ሩቅ ደሴት ሄደ፤ በ1903ም በባዕድ አገር ሞተ። ሥዕሎቹ ዛሬ በዓለም ትልልቅ ቤተ መዘክሮች ተሰቅለው ይታያሉ። ስለ ጎጋን ታላቅነት ብዙ ተጽፏል፤ የጥበቡን ዋጋ በከፊል የከፈለችው ግን ያልተጠየቀችው ሚስቱ ናት። ሰው በራሱ ረኀብ ላይ ሊፈርድ ይችላል፤ በሌላው ረኀብ ላይ ግን ብቻውን ሊፈርድ አይገባውም።

ታዲያ ደመወዝና ድርሰት አብረው ሊኖሩ ይችላሉን? ይችላሉ፤ ለዚህም ከአገና ብዙ ርቀን ሳንሄድ ምስክር እናገኛለን። ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌ ልጅ ናቸው። «የሺነጋ መንደር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን የጻፉት፥ ለመጽሐፍ እምብዛም ባልተለመደው በቸሃ ቋንቋ ነው፤ ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት በ1964 በአሜሪካ አገር ታተመ። ቀጥለውም በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ»ን በ1969፥ ስለ አፄ ቴዎድሮስ የሚናገረውን መጽሐፋቸውንም በ1974 አወጡ፤ በአማርኛም ጽፈዋል፥ ተርጉመዋል። እኒሁ ሰው በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ተቀጥረው የሚሠሩ ደመወዝተኛ ነበሩ። በደመወዛቸው ብቻ ረክተው ቢቀመጡ ኖሮ ያ መንደር በመጽሐፍ ባልተገኘ ነበር።

በእንግሊዝ አገርም አንቶኒ ትሮሎፕ የተባለው ደራሲ ከ1834 እስከ 1867 ድረስ የፖስታ መሥሪያ ቤት ሹም ነበር። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጣል፤ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አኑሮ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፤ ከዚያም ቁርሱን በልቶ ወደ ቢሮው ይሄዳል። ከሹመቱ የወጣውም፥ በጡረታ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ያህል ገቢ የሚያስገባ ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ ነው። ወጣቶቻችን ድፍረት ማለት ያለ ስንቅ መነሣት እንዳይመስላቸው ይህን ሰው ያስታውሱ።

ይህን ስንል ግን ደመወዝ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። አንደኛው ዋጋ ድካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሲገለብጥ የዋለ ሰው ማታ ለራሱ የሚተርፈው ኀይል ትንሽ ነው። ሁለተኛው ዋጋ ከዚህ የከበደ ነው፤ እንጀራ የሚሰጥ እጅ አንዳንድ ጊዜ ብዕሩንም ሊይዝ ይፈልጋል። ደራሲው በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት የደረሱ ሰው ነበሩ። «ኦሮማይ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1975 ዓ. ም. በወጣ ጊዜ ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ. ም. ከቤታቸው ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ስለዚህ «ደመወዝ ካለህ ሰላም አለህ» ለሚል ሰው ይህን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ልጁ ቢሮው ያጠብበኛል ብሎ ሲናገር፥ የሚናገረው ከስንፍና ነው ብሎ ፈጥኖ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

እኛ የምንሰጠው ምክር ከአባትየው ጓሮ የተገኘ ነው። የጉራጌ ገበሬ እንሰቱን ሁሉ ባንድ ቀን አይተክልም፥ ባንድ ቀንም አይነቅልም። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ይተከላል፤ ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ታዲያ ቤተ ሰቡ እስከዚያ ምን ይበላል? ቀድሞ ተተክሎ የደረሰውን ይበላል። ስለዚህ በአንድ ጓሮ የዘንድሮው ችግኝ፥ የአምናው ተክልና የደረሰው እንሰት በየረድፋቸው ቆመው ይታያሉ። የደረሰውን ነቅሎ ጨርሶ ችግኝ ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ገበሬ የለም፤ ቢኖር ልጆቹ ይራባሉ። የደረሰውን ብቻ እየበላ ችግኝ የማይተክልም የለም፤ ቢኖር ጓሮው ባዶ ይሆናል። ለልጁ ደመወዙ የደረሰው እንሰት ነው፤ ድርሰቱ ችግኙ ነው። እስከ ዛሬ የበደለው ነገር ቢኖር ሰባት ዓመት ሙሉ ከደረሰው ብቻ መብላቱ ነው፤ አሁን ደግሞ የደረሰውን ባንድ ቀን ነቅሎ ሊጥል ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ እንላለን። ወንድማችን ሆይ፥ ሥራህን ዛሬ አትልቀቅ፤ ድርሰትህንም ለነገ አታሳድር። ከቀኑ ውስጥ ማንም የማይነካብህን አንድ ሰዓት ለይ፤ ማታ የምትደክም ከሆነ ጎሕ ሳይቀድ ይሁን። ከደመወዝህ ላይ ለእኅትህ ትምህርት የሚሆነውን አስቀድመህ እስከ መጨረሻው ዓመት አስላ፤ ከተረፈውም በየወሩ ለብቻ አኑር። አንድ መጽሐፍ ጀምረህ ጨርስ፤ መጻፍ እወዳለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፥ የጨረሰ ግን ጥቂት ነው። ያ መጽሐፍ ተጽፎ ሲያልቅ፥ እኅትህም ትምህርቷን ስትፈጽም፥ ስንቅህም ሲሞላ፥ ያን ጊዜ ልብህ አሁንም ውጣ ካለህ ውጣ፤ ማንም ሊከለክልህ አይገባም። ምናልባትም በዚያን ጊዜ የጠላኸው ሥራውን ሳይሆን፥ ለራስህ ምንም ጊዜ አለመተውህን ብቻ እንደ ነበረ ታገኘው ይሆናል።

ለአባትየውም እንዲህ እንላለን። ጌታዬ፥ አይከልክሉት፤ ነገር ግን ምርቃቱን ከቀን ቀጠሮ ጋር ይስጡት። «እኅትህ ስትጨርስ የቤቱን ሸክም እኔና እርሷ እንካፈላለን፤ አንተም ነፃ ነህ» ብለው ዛሬ ቃል ይግቡለት። ማብቂያው የታወቀ ሸክም ይቀላል፤ ማብቂያ የሌለው ሸክም ግን ልጅን ከአባቱ ያጣላል።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሹማምንትም አንድ ቃል እንጨምራለን። ከእናንተ በታች ከተቀመጡት ጸሓፊዎች መካከል እንደዚህ ያለ ልጅ አይታጣም። ሥራውን በጊዜው ፈጽሞ ከተገኘ በትርፍ ሰዓቱ ስለሚጽፈው አትዘብቱበት። በትርፍ ሰዓት የተጻፈ መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ ከመዝገብ ቤቱ ፋይል ሁሉ ይልቅ ለአገር ይቈያል።

በመጨረሻም አባትየው በደብዳቤያቸው ግርጌ የጻፉት አንድ ነገር ከልባችን አልወጣም። ዝም ያሉት እናት በማግሥቱ እንሰት እየፋቁ ሳለ፥ «ይህ ልጅ ይህን ሕመም ያመጣው ከእኔ ነው፤ በሕፃንነቱ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ ተረት ሳወራለት ነው የያዘው» ብለው ሣቁ አሉ። እኛም ለልጁ የመጀመሪያውን ሥራ ከዚህ እንሰጠዋለን፤ መስቀል በደረሰ ቁጥር ወደ አገና ሲገባ ደብተር ይዞ ይግባ፥ ከእናቱም አጠገብ ይቀመጥ፥ የነገሩትንም ሁሉ ይጻፍ። ለዚህ ሥራ ከመሥሪያ ቤት መልቀቅ አያስፈልገውም፤ እናቱ ግን ሁልጊዜ አይኖሩምና መዘግየት የለበትም።