ጥቁር ገጽ፣ የተገለጠ ገመና

ማታ ማታ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚቀመጠውን ወጣት ተመልከቱት። ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ስክሪኑም ጥቁር ነው። ዳርክ ሞድ ይሉታል። በእሱ ጠብ የለኝም፤ ሃምሳን ላለፈ ዓይንም ነጭ ገጽ በምሽት ይወጋል።

ጠቤ ሌላ ነው። ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘር የተጠቃሚውን አሻራ የሚሰውር ጥበቃ አለው። ሲበራ፣ ጥቁር መሆን የሚችሉ ድረ ገጾች ሳይቀሩ በነጭ ይመጣሉ። ያበራው ወጣት ይናደድና «ደግሞ ምን የምደብቀው አለኝ!» ብሎ ጥበቃውን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ገመናን በቀለም መለወጥ ይኼ ነው።

ለምን ነጭ ይሆናል? ጥምቀትን አስቡ። ታቦት በሚያጅበው ነጭ ለባሽ ሕዝብ መሃል አንዱን መለየት ይቸግራል፤ ጥቁር ካፖርት የደረበው ግን ከማዶ ይታያል። ብሮውዘርም «ጌታዬ ጥቁር ይወዳል» ብሎ ለየድረ ገጹ ይናገራል። ብቻውን ኢምንት ነው። ከስክሪኑ ስፋት፣ ከሰዓቱና ከቋንቋው ጋር ሲደመር ግን ስም ሳይጠራ ሰውን ይለያል። ጥበቃው ሁሉንም ነጭ የሚያለብሰው ለዚህ ነው።

«የምደብቀው የለኝም» የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። መጋረጃ የምንሰቅለው ወንጀል ስላለብን ነው እንዴ? አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ማንነትን የሚሰውረው ቶር ኢትዮጵያ ውስጥ መዘጋቱን ሠሪዎቹ አስታውቀው ነበር። ዋጋ የሌለውን ነገር ማንም አይዘጋም።

ወቀሳውን ሁሉ ግን በወጣቱ ላይ አልጭንም። በአዲሶቹ ፋየርፎክሶች ቀለሙን ብቻ ከጥበቃው ለይቶ መተው ይቻላል። ጥበቃው ራሱ በጓዳ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ከጓዳም ጓዳ! ዓይኑን የሚያመው ሰው «ወይ ዓይንህን ወይ ገመናህን» መባል የለበትም። ምርጫውን ሳሎን ያውጡት፤ የሚያስከፍለውንም አብረው ይንገሩት።

እስከዚያው፣ ጎበዝ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ ይህን ድረ ገጹ አያውቅባችሁም። ለረዥም ጽሑፍ የብሮውዘሩን የንባብ ገጽታ ከፍታችሁ ጥቁሩን ምረጡ። ጥበቃውን ግን አትንኩት። ስክሪናችሁ ጨልሞ እናንተ ብርሃን ላይ ከተሰጣችሁ፣ ጨለማው የጠቀመው ማንን ነው?