ለዕድሩና ለማኅበሩ አንድ ክፍል

ጌታችን የፋሲካን ራት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የበላው በሰው ሰገነት ላይ ነበር። ሰገነቱን የለቀቀው ባለቤት ማን እንደ ሆነ እንኳ በወንጌሉ አልተጻፈም። በዚህ በዓል ስለ ቤት ባለቤቶች ጥቂት ማለት የወደድንበት ምክንያት ይኸው ነው።

በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ ሆነችው ግምጃ ቤት ባሉ ከተሞች የመሰብሰቢያ ቦታ ጉዳይ ገና ብዙ አያስጨንቅም። ሰንበቴ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይጠጣል፤ ልቅሶ ሲደርስም ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አይጠፋም። ወደ እንጅባራና ዳንግላ የዘለቀ ሰው ግን ነገ የሚመጣውን ከወዲሁ ያያል። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ፎቅ እየተነሣ ነው፤ ምድሩ ሱቅ፣ መካከሉ ቢሮ፣ ላዩ ማረፊያ። ዕድር ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን የሚያኖርበት፣ አረጋውያንን የሚረዳ ማኅበር ጠረጴዛውን የሚዘረጋበት ክፍል ከእነዚህ ሕንፃዎች በስንቱ ይገኛል?

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ የዘለቀው የአባላቱ ፍቅር ስላልቀዘቀዘ ነው፤ ፈረሱ የሚጋልብበት ሜዳም ስላልጠፋ ነው ብንል ግን ከእውነት አንርቅም።

በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በየግቢው ለእርድ፣ ለድግስ ዝግጅትና ለልብስ አጠባ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ተሠርቷል፤ ነዋሪውም ልቅሶ የሚቀመጠውና ዕድር የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ቤት ለሱቅና ለመጋዘን ሲከራይ ታይቷል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ካልተወሰነ ይህ መድረሱ አይቀርም።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚካሄዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ በምደባ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ባዶ መሬት ለድሃ ማኅበር ምን ይረባዋል? የሚገነባበት ገንዘብ የለውም። ቤት መሥራት የሚችለው ባለሀብቱ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እርሱ ይመለሳል።

ባለሀብቱም መልስ አለው፤ የሊዙ ዋጋ ውድ ነው፣ የባንክ ወለድ አለበት፣ ምድር ቤት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ኪራይ የሚያስገባ ነው። ይህን ተገቢ ስሞታ በስብከት ብቻ መመለስ አይቻልም። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ደንብ በይዞታው ላይ ለሕዝብ ክፍት ቦታ ለሚተው ገንቢ ተጨማሪ ወለል እንዲሠራ ፈቀደ። ብዙዎች ቦታውን ሰጡ፤ ጥቂት የማይባሉት ግን ፎቁን ከጨመሩ በኋላ በሩን ዘጉ። እኛም ከሁለቱም ወገን እንማር። ማዘጋጃ ቤት ለአንድ ክፍል ምላሽ ተጨማሪ ፎቅ ወይም የሊዝ ክፍያ ቅናሽ ይስጥ፤ ግዴታው ግን በውሉ ላይ ይጻፍ፣ ሕንፃው ሲሸጥም ለገዢው ይተላለፍ። ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን፤ አረጋውያን ደረጃ አይወጡምና። በሩ አስከሬን የሚያሳልፍ፣ ውኃም በአጠገቡ ያለ ይሁን። ቁልፉን ተጠቃሚዎቹ የመረጡት ኮሚቴ ይያዝ፤ የመብራትና የውኃ ወጪውንም ማኅበራቱ ይክፈሉ፤ ሁሉን ከባለሀብቱ መጠበቅ አይገባቸውምና።

የዕድር ዳኞችና የማኅበር ሙሴዎችም ቢሆኑ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከሚያዝኑ የፕላኑ ወረቀት ገና በማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ማመልከቻቸውን ይዘው ቢቀርቡ ይሻላል። ለግምጃ ቤት ጊዜው አሁን ነው።