ከሕዝብ የተቀዳው ጽሑፍ ለሕዝብ ይመለስ

ሥነ ጽሑፍ፣ ቴአትርና ፊልም ከሕዝብ ኑሮ የሚመነጩ ለመሆናቸው ዛሬ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ያለው ከመነጩ በኋላ ወዴት ይፈስሳሉ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚገኙ መምህራንና ተማሪዎች ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም፣ ስለ ሥነ ቃል፣ ስለ ተውኔትና ስለ ፊልም በየዓመቱ ይመራመራሉ፤ ይጽፋሉ፤ ይመረቁበታል። ከመካከላቸውም ራሳቸው ገጣምያንና ጸሐፍተ ተውኔት የሆኑ አሉ። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ግን ጥሬ ዕቃውን ካቀበለው ሠርቶ አደር ሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይደርስም። ሕዝቡ የራሱን ሀብት ከመደርደሪያ ላይ እንዳያወርድ ያገደው ምንድን ነው? መፍትሔውስ በማን እጅ ይገኛል? ይህን ጥያቄ በተለይ ለመርካቶና ለአካባቢዋ የሠፈር ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ማቅረብ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

መርካቶ የሸቀጥ ገበያ ብቻ ሳትሆን የቋንቋም ገበያ ናት። የፋሽስት ኢጣሊያ ወራሪ ኃይል አዲስ አበባን ይዞ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከተማይቱን በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ አዲስ ከተማ በማዛወር የአገሬው ተወላጆች ገበያ ሲል ሰየመው። የወራሪው ዓላማ መለየትና ማራቅ ነበር። ሕዝቡ ግን ለመገለል የተከለለለትን ቦታ የመገናኛ ቦታ አደረገው። ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከኦሮሞና ከአማራ፣ ከዶርዜ፣ ከትግራይና ከሐረር የመጣው ነጋዴ፣ ሸማኔ፣ ተሸካሚና የእጅ ባለሙያ ከየቀዬው ያመጣውን ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንና እንጉርጉሮ እዚሁ አገናኘ። በእህል በረንዳና በበርበሬ በረንዳ፣ በሸማ ተራና በምናለሽ ተራ የሚሰማው የሻጭ ጥሪ፣ የተሸካሚው ማስጠንቀቂያ፣ ከደላሎች በቀር ሌላው የማይፈታው የዋጋ ቋንቋ፣ የክርክሩ ቀልድና የሽሙጡ ስለት ሁሉ ደራሲው ያልተጻፈ፣ ባለቤቱ ግን የታወቀ ድርሰት ነው። ባለቤቱም ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ነው።

ሂስም ቢሆን ለዚህ ሠፈር እንግዳ አይደለም። በኋላ ራስ ቴአትር በሆነው በሲኒማ ራስና በሲኒማ አዲስ ከተማ የሕንድና የምዕራባውያን ፊልሞች በሚታዩበት ዘመን፣ የቀን ሠራተኛውና የሱቅ ሠራተኛው ከአዳራሹ ወጥቶ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ባለታሪኩ ስለ ምን እንደ ተሸነፈ፣ ባለጠጋው አባት ስለ ምን ጨካኝ ሆኖ እንደ ቀረበ፣ መጨረሻው እውነት ይመስል ወይም አይመስል እንደ ሆነ ይከራከር ነበር። ይህ ሂስ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዚያም እጅግ አስቀድሞ በቅኔ ቤት ተማሪው የቋጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲናገር፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይታረም ነበር። ድርሰት በጉባኤ መካከል ቀርቦ የሚመዘንበት ሥርዓት ከውጭ የገባ ዕቃ ሳይሆን የኖረ ባህላችን መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

የተማሪዎች ድርሰት ፊቱን ወደ ሕዝብ ጉዳይ ባዞረበት ወቅት ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ታሪክ ይመሰክራል። በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን እየተባለ በሚከበረው ዓመታዊ በዓል ላይ ተማሪዎች ግጥሞቻቸውን ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን በ1953 ዓ.ም. ሲያቀርብ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና ጥቂት ወራት መቆጠሩ ነበር። ርእሱ ራሱ አዋጅ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ሰልፉን ግጥም ብቻውን ወለደው ማለት አይደለም፤ የወለደው የጭሰኛው ኑሮ ነው። ይሁን እንጂ ያ ኑሮ በተማሪው ኅሊና ውስጥ ቅርጽ እንዲይዝ ካደረጉት ነገሮች መካከል ግጥሙ አንዱ ለመሆኑ አያጠራጥርም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅራኔ አለ። ይናገራል የተባለው ደሃ በዚያ አዳራሽ አልነበረም። በእርሱ ስም ሲነገር ያዳመጡት ተማሪዎች፣ መምህራንና የተጋበዙ እንግዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሥርዓት በሥርዓት ተተክቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ተስፋፍተዋል። ቅራኔው ግን መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ።

ይህን ቅራኔ ለመፍታት የጣሩ መምህራን መኖራቸውን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን የቃል ትዝታ ሰብስበው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ»ን ባሳተሙ ጊዜ የሽማግሌውን አነጋገር በምሁር ቋንቋ አልለወጡም፤ ከአፍ የወጣውን ለዛ እንደ ጠበቀ አቀረቡት እንጂ። ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተውኔት ጽሑፍ አስተምረዋል። ገጣሚውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ በበኩላቸው የቴአትር ጽሑፍ መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅተዋል። ዛሬ ሁሉ በቀላሉ የሚጠቀምባቸው «ገጸ ባሕርይ» እና «መቼት» የመሳሰሉ የሙያ ቃላት ከእርሳቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጥረት ጋር ይነሣሉ። «መቼት» የሚለው ቃል መቼ እና የት ከሚሉት ሁለት የዘወትር ጥያቄዎች የተጋጠመ ነው። ይህን ቃል የሰማ ልብስ ሰፊ ትርጉሙን ለማወቅ የውጭ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ትልቁ ትምህርትም እዚህ ላይ ነው፤ ጥልቅ ሐሳብ በሕዝብ ቋንቋ ሊነገር የሚችል ለመሆኑ ማረጋገጫው ይኸው ነው።

ፈቃደ አዘዘ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሐብ ያለቀው ገበሬ ስለ ደረሰበት መከራ የተናገራቸውን ቃል ግጥሞች ከሰሜን ሸዋ ሰብስበው አጥንተዋል። ዓለም ያን ዘመን የሚያስታውሰው በባዕዳን ካሜራ በተነሡ ምስሎች ነው። በምስሉ ላይ ገበሬው ዝም ብሏል። በግጥሙ ውስጥ ግን ይጠይቃል፤ ይወቅሳል፤ ከፈጣሪው ጋር ሳይቀር ይሟገታል። ዳሩ ግን ያ ጥናት በመጽሐፍ መልክ የታተመው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። መምህሩ በ1991 ዓ.ም. «የሥነ ቃል መምሪያ»ን በአማርኛ ማቅረባቸው የሚያስመሰግናቸው ሲሆን፣ የገበሬው ሙግት የተተነተነበት ጽሑፍ ለገበሬው ልጅ በቋንቋው እንዲደርስ ማድረግ ግን የአንድ ሰው ሳይሆን የተቋማት ኃላፊነት ነው።

በፊልም ረገድም ምሳሌ አናጣም። ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ አገር የፊልም ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፣ ሙያተኛ ተዋንያን ያልሆኑ ገበሬዎችን በማሳተፍ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም ቀረጸ። የባለርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ያሳየው በንግግር ብዛት አይደለም፤ የሚያርሰውን እጅ፣ የሚሸከመውን ትከሻ፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝዘውን ጣት በማሳየት ነው። ኃይሌ ከዚያ ወዲህ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል፤ ፊልሙም በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይጠናል። በመርካቶ ሻይ ቤቶች ግን ስንቱ ሰው አይቶት ተከራክሮበታል? ጥያቄው ፊልም ሠሪውን ለመውቀስ የቀረበ አይደለም። የራሳችን ሥራ በራሳችን ዘንድ እንግዳ ሆኖ መቅረቱን ለማመልከት ነው።

ጽሑፍ ለሕዝብ ይመለስ ሲባል መፈክር ይሁን ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ያለፈውን ስሕተት በግለ ሂስ መመልከት ግዴታ ነው። ኪነት ለሕዝብ በተባለበት ዘመን በየቀበሌውና በየፋብሪካው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ከዚያ በፊት መድረክ ረግጦ የማያውቅ ሠራተኛ መድረክ ላይ መውጣቱ በጎ ነበር። ነገር ግን የሚለው አስቀድሞ የተወሰነለት፣ መጨረሻውም ሁልጊዜ በድል የሚደመደም ተውኔት የሠራተኛውን እውነተኛ ኑሮ ሊያሳይ አልቻለም። የመንግሥት ጋዜጦችና መጽሔቶች አዘጋጅ የነበረው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በሕዝብ ስም የሚናገር ሥልጣን የሕዝብን ደራሲ ሲያጠፋ ኪነ ጥበብ ለሕዝብ የሚለው ቃል ባዶ ቀፎ ይሆናል። ስለሆነም ሕዝባዊ ሥነ ጽሑፍ ማለት ሕዝቡን የሚያሞግስ ሳይሆን ለሕዝቡ እውነቱን የሚነግር ነው። ሕዝባዊ ሂስ ማለትም ደራሲን ለቅጣት የሚያመለክት ጣት አይደለም፤ ሥራውን በማስረጃ የሚመዝን ሚዛን እንጂ።

ታዲያ ዛሬ እንቅፋቱ ምንድን ነው? አንደኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ስለ አማርኛ ልብ ወለድ፣ ስለ ኦሮምኛ ዘፈን ወይም ስለ ጉራጊኛ ተረት የሚጻፍ ጥናት በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ባለቤቱን አፍ ያሲዛል። ሁለተኛው የዓላማ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ለዲግሪ ማሟያ ብቻ ከታሰበ፣ ዲግሪው በተሰጠ ማግስት ሕይወቱ ያበቃል። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው የሠፈርተኞች ቸልተኝነት ነው። ተማሪው ማስታወሻውንና መቅረጫውን ይዞ መጥቶ ሲጠይቀን እንመልሳለን፤ ውጤቱን ግን አንጠይቀውም። ንብረቱን አበድሮ ደረሰኝ የማይጠይቅ ነጋዴ በመርካቶ አይገኝም። ቃላችንን ስናበድር ግን ይህን ጥንቃቄ እንዘነጋለን። በመሆኑም ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ተረት ሆኖ ቀርቷል።

ጉዳዩ ይደር የሚባል አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ሰዎችን ሱቅና ጥሪት በአንድ ሌሊት አወደመ። ሱቅ በብዙ ድካም ተመልሶ ይሠራል። አንድ ተራ ሲቃጠል ወይም ለልማት ሲነሣ አብሮ የሚበተነው የጎረቤት ቋንቋ፣ የተራው ታሪክና የሽማግሌዎቹ ትውስታ ግን ካልተጻፈ ተመልሶ አይገነባም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ፊደል የቆጠረው ትውልድ ዛሬ አርጅቷል። ማንበብ የተማረው የሌላውን ቃል ለመስማት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ለማስፈር ነበርና፣ ይህ ትውልድ ቃሉን ሳይሰጥ ማለፍ የለበትም።

እንግዲህ ምን መደረግ አለበት? ከዩኒቨርሲቲዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ከአንድ ሠፈር ሕዝብ ቃል የተቀዳ ማንኛውም ጥናት ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ቢያንስ አጭር መግለጫ ሊኖረው፣ አንድ ቅጂም ለዚያው ሠፈር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ይገባል። አጥኚው ከመመረቁ በፊት ቃላቸውን በሰጡት ሰዎች ፊት ቀርቦ የደረሰበትን ቢያስረዳና ቢታረም፣ ጥናቱ ይጠራል እንጂ አይጎድልም። መምህራንም ሂሳቸውን ለባልደረቦቻቸው ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው አንባቢ በሚገባ አማርኛ መጻፍን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ሊመለከቱት አይገባም።

የሠፈር ማኅበራትና እድሮች ድርሻ ከዚህ አያንስም። እድር ለሐዘን የሚሰበሰብበት አዳራሽና ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርም አለው። በወር አንድ ምሽት በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ አጭር ልብ ወለድ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ወይም አንድ ፊልም አይቶ መወያየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማንበብ የማይችለው ይሰማል፤ የሚችለው ያነብባል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ያብራራል፤ ሸማኔው ስለ ሸማኔ የተጻፈው ትክክል መሆን አለመሆኑን ይፈርዳል። ሠራተኞችም ጻፉልን ብለው ብቻ ሳይቀመጡ የሥራቸውን ታሪክ፣ የተራቸውን ስም አመጣጥ፣ የሙያቸውን ቃላት በራሳቸው እጅ በደብተር ማስፈር ይጀምሩ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪው ይህን ደብተር ሲያገኝ የሚያጠናው መረጃ ብቻ ሳይሆን የሚከራከረው ደራሲም ያገኛል።

በምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ እንኳ ከንቱ አይቀርም፤ ተቀጥቅጦ ማንደጃ ይሆናል። ያረጀ ጎማ ተቀድዶ በረባሶ ሆኖ እግር ያለብሳል። አንዳች ነገር እንዳይባክን የሚተጋ ሕዝብ ከራሱ አንደበት የወጣው ጥበብ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ ዝም ብሎ መመልከት አይኖርበትም። ምሁሩ የወሰደውን ይመልስ፤ ሠራተኛውም የሰጠውን ይጠይቅ። ያን ጊዜ ደሃው በሌላ ሰው አንደበት ሳይሆን በራሱ አንደበት፣ በራሱ አዳራሽ ይናገራል።