ደምን ማወቅ ነውር አይደለም



በኛ ሰው ዘንድ «ደሙ ላይ ተገኘበት» የተባለ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ይለቀስለታል። ቤተሰቡ ቀሪ ዕድሜውን በጣት ይቆጥራል፣ ጎረቤት ስኒውን ይለይበታል፣ እሱም ከሰው ይርቃል። ግምቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) በፊት ሐኪምም ቢሆን ብዙ ሊረዳው አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ይህ ግምት ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻም ሳይሆን ሰው ይገድላል ባይ ነኝ።

ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙዎችን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ንፍፊትና ሽፍታ ይይዛቸዋል። ጉንፋን ነው ብለው ይተኛሉ፤ ያልፍላቸዋልም። በዚህ ወቅት ቫይረሱ በደም ውስጥ እጅግ ስለሚበዛ በቀላሉ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ምርመራው ግን ገና ላያገኘው ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጸጥ ያለው ዘመን ይመጣል። ሰውየው መድኃኒት ባይወስድም 10 ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። ሲመለከቱት ጤነኛ ነው። በውስጡ ግን ሲ.ዲ.4 የሚባሉት የሰውነት ዘቦች ይመነምናሉ። ጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ አለው። አልማዝ ባለጭራ ወጣበት ሲባል ብዙ ጊዜ ዘቦቹ መድከማቸውን ያመለክታል። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳን የመሰለ ከባድ በሽታ ሲከተል፣ ያን ጊዜ ነው ኤድስ የሚባለው። እዚህ ደርሶ ያልታከመ ሰው የሚኖረው ባመዛኙ 3 ዓመት ያህል ነው። ቤተሰብ በጣት የሚቆጥረው ይህንኑ ነው።

የታከመው ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ከ1996 ጀምሮ ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ተጀመረ፤ ዛሬ ብዙዎች በቀን አንድ ኪኒን ብቻ ይውጣሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 ማንም ሰው ቫይረሱ እንደተገኘበት፣ ዘቦቹ እስኪያልቁ ሳይጠበቅ፣ ሕክምና ይጀምር አለ። በ20 ዓመቱ ሕክምና በጊዜ ጀምሮ ያላቋረጠ ወጣት 70ዎቹን ዓመታት እንደሚያይ፣ ዕድሜውም ወደ እኩዮቹ እንደሚጠጋ ይጠበቃል። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰና እንደዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛ አይተላለፍም። የታከመች እናትም ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች፤ ለልጅዋ የመተላለፉ ዕድል ከመቶ 1 በታች ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ በጤና ቅርጫት ውስጥ ስላለ በኩፓት ሖሊም በኩል ይገኛል።

ታዲያ ሰው ለምን ዘግይቶ ይመጣል? በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም የወገኖቻችንን ደም እየተቀበለ በስውር ይደፋ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ይኸው ቫይረስ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ቁጣው ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው፤ ሕዝብን በጅምላ እንደ በሽታ የቆጠረ አሠራር ነበርና። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የቫይረሱን ስም ማንሳት ራሱ ስድብ መሰለን። ዝምታውን ደግሞ ደማችንን የደፉት አይከፍሉበትም፤ የሚከፍለው ሳል ይዞት፣ ከስቶ፣ ዘቦቹ ካለቁ በኋላ ሆስፒታል የሚገባው ወንድማችን ነው። ሌላው በጅምላ ሲፈርድብን መቃወምና እያንዳንዳችን የራሳችንን ደም ማወቅ አይጣሉም።

ምሥጢር ይወጣል የሚለውም ስጋት አለ። በዚያው በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሐኪሙን ምሥጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አድርገን ወደ ክሊኒክ መውሰዳችን ነው። በልጁ ፊት ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አባት ማን አለ? ከቤተሰብ ውጪ የሆነ አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ክሊኒኮችም እንዲያቀርቡ እንወትውት። ኪኒን የጀመራችሁም ቢሻላችሁ እንኳ አታቋርጡ። ለዮም ኪፑርና ለስግድ ጾም ኪኒኑን እንዴት እንደምትወስዱ ቀኑ ሳይደርስ ሐኪማችሁን ጠይቁ።