ለሴት ልጅ የሚበቃት ዕውቀት ምን ያህል ነው?

እቴጌ መነን በ1931 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከየሀገሩ የመጡትን ሴቶች ልጆች አዳሪም ተመላላሽም አድርጎ ያስተምር ነበር። ከነጻነት በኋላ በዲሬክተርነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊስ የተማሩ፥ በወረራው ዘመን በኢጣልያ የታሰሩ፥ ተውኔት የደረሱ፥ በ1957 እ.ኤ.አ. ከሴቶች አስቀድመው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ እናት ነበሩ። ሰፊ ዕውቀት ለሴት ልጅ እንደማይበዛባት ከዚህ የሚበልጥ ምን ምስክር ያሻል?

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ወላጆች ሆይ! ያን ጊዜ ልጅን ለትምህርት አዲስ አበባ መስደድ ከባድ መለየት ነበር። ዛሬ ግን በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በደብረ ብርሃን ከደጃችን ቆሟል። እንግዲህ ወንዱን ለመጽሐፍ፥ ሴቲቱን ለእንስራ ብቻ ብንመድብ፥ የከለከላት የመንገድ ርቀት ሳይሆን የገዛ ቤታችን ፍርድ ነው።