የኮምቦልቻ ሜዳ ይለካ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ሳሉ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል፤ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል መመታቱንም የውጭ ጋዜጦች ጽፈውታል። ይህን ያህሉን ብዙ ወሎዬ ሲነገር እየሰማ አድጓል። ከአራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ጣሊያን ደሴ ገባ፤ የጦር አውሮፕላኖቹንም ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያሳርፍ ጀመር። የማረፊያው ሃንጋር፣ የአውሮፕላኖቹ መጠለያ፣ ስንት ሜትር ነበር? በሩ ወዴት ይከፈት ነበር? መንደርደሪያውስ በየት በኩል ያልፍ ነበር? ይህን የሚመልስ፣ ልኬቱ የተረጋገጠ ንድፍ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መሰቀል ነበረበት።

ጥያቄው የሞዴል ሠሪ ጥያቄ ነው። በአውሮፓና በጃፓን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች አሳንሰው እየሠሩ፣ ከነሜዳቸውና ከነሃንጋራቸው በሰሌዳ ላይ የሚያቆሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ሥራው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን አንድን ሃንጋር በ1 ለ72 ልኬት ለማቆም የተነሳ ሰው የጣሪያውን ቅርጽ፣ የበሩን ሐዲድ፣ የመስኮቱን ብዛት ሳያውቅ አንዲት ካርቶን መቁረጥ አይችልም። የታሪክ ጸሐፊ «ሰፊ ሃንጋር ነበር» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ሞዴል ሠሪው ግን ስፋቱን በቁጥር ካላገኘ እጁ አይንቀሳቀስም።

የጀርመን ሃንጋር ለሚሠራ ሰው መንገዱ የተጠረገ ነው። የዩንከርስ ኩባንያ ጣሪያ ለምሳሌ፣ አጫጭርና እኩል የሆኑ የብረት ቁርጥራጮች እንደ መረብ እየተጠላለፉ በብሎን ታስረው፣ መሐል ላይ አንድም ምሰሶ ሳይኖር እንደ ቅስት የሚቆሙበት ነው። አሠራሩ በሰነድ ተቀምጧል። ጠላትም ቢሆን መዝግቦታል፦ እንግሊዝ ሜድመናም በተባለው የጦር ሰፈሯ የጀርመንን ሜዳዎች ከአየር ፎቶግራፍ እየለካች ታጠና ነበር፤ በዚያው ሰፈር ፎቶግራፉን አይተው የዒላማዎችን ሞዴል የሚሠሩ ባለሙያዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1943 የሙነን ግድብ ሊመቱ የተዘጋጁት አብራሪዎች ግድቡን አስቀድመው ያዩት በሞዴል ነው።

የጣሊያኖቹ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። መሐንዲሱ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦርቪየቶ ላይ የሠራው የኮንክሪት ሃንጋር 100 ሜትር በ40 ሜትር ይጠጋ ነበር። በ1 ለ72 ቢሠራ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ39 ሳንቲም ይሆናል፤ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ይሞላል። ኔርቪ የጣሪያውን ጥንካሬ ያስመረመረው በሴሉሎይድ በተሠራ ትንሽ ሞዴል ነበር። ይህንና መሰሎቹን ሃንጋሮች ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1944 ሲያፈገፍጉ በፈንጂ አፈረሷቸው። ዛሬ አንድም አልቆመም። ሆኖም ንድፋቸውና ፎቶግራፋቸው ስለተረፈ የሥነ ሕንጻ ተማሪ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ወደ ኮምቦልቻ እንመለስ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ ጉያ ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ 1,850 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ አላት፤ ለከባድ አውሮፕላን የትኛው እንደሚመች ካርታ ያየ ሁሉ ይፈርዳል። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ካሰለፋቸው አውሮፕላኖች ውስጥ ካፕሮኒ 133 የክንፉ ስፋት 21 ሜትር ከ24 ሳንቲም ነው፤ ተዋጊው ፊያት ሲአር 42 ግን 9 ሜትር ከ70 ብቻ። በሞዴሉ ሰሌዳ ላይ አንዱ 29 ሳንቲም ተኩል፣ ሌላው 13 ሳንቲም ተኩል ይሆናሉ። የበሩ ስፋት ከታወቀ ከዚህ ልዩነት ብቻ የሃንጋሩ በር ለየትኛው እንደተሠራ መገመት ይቻላል። ጣሊያን ግን ሜዳውን ይዞ አልቀረም፤ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዳን ፒናር አዛዥነት፣ ኢትዮጵያውያን አርበኞች ተራራ ለተራራ ዞረው ከጎን እየመቱለት፣ የኮምቦልቻን በር ሰበረ። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች፤ 8,000 ያህል ምርኮኛም ተቆጠረ። ይህ ሁሉ የሆነው ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ባለበት ከተማ ዙሪያ ነው።

ጀርመንም ከዚህ ታሪክ አልራቀችም። ደቡብ አፍሪካውያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ ጣሊያንን የደበደቡት ለመንገደኛ ማመላለሻ ከጀርመን ተገዝተው በነበሩ ዩንከርስ 86 አውሮፕላኖች ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአገራችን አንዲት አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ይህች አውሮፕላን በጣሊያን እጅ ወድቃ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ኖራ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። አውሮፕላኗ ስትመለስ ሕዝቡ ምን ያህል እንደተደሰተ ታይቷል። ታዲያ ያ ደስታ ለምን ወደ ሜዳዎቹና ወደ ሃንጋሮቹ አይዘልቅም?

«የፋሽስት ሥራ ምን ይለካል?» የሚል ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ጣሊያን በሰሜኑ ግንባር የመርዝ ጋዝ ከአየር ማዝነቡን የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 አምኗል። ያ የአየር ኃይል ከየት ይነሳ፣ የት ያርፍ፣ ቦምቡን የት ያከማች እንደነበር ማወቅ ለወራሪው ክብር መስጠት ሳይሆን ማስረጃ መያዝ ነው። ማስረጃ ደግሞ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ አስቀድሞ ፎቶ ያልተነሳና ልኩ ያልተመዘገበ ቅርስ አንዴ ከሄደ ምን ይመስል እንደነበር እንኳ ማስረዳት አይቻልም።

የሚያስደስተው፣ መነሻው አገር ውስጥ መኖሩ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያነሷቸው የአየር ፎቶግራፎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ግምጃ ቤት ቆይተው፣ የመቀሌና የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አደራጅተዋቸዋል። ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች ናቸው። ክንድ በምታህል በእያንዳንዷ ሰሌዳ ላይ አራት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ከላይ፣ ሦስቱ ጋደል ብለው ወደ ጎን የተነሱ ናቸው። ጋደል ብሎ የተነሳ ፎቶግራፍ የግድግዳን ቁመት ያሳያል፤ የጥላው ርዝመት፣ ቀኑና ሰዓቱ ከታወቁም ቁመቱን በሒሳብ ማውጣት ይቻላል። የሜድመናም ሰዎች የሠሩትም ይህንኑ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በማስመሪያ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። የሲቪል ምህንድስናና የሥነ ሕንጻ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይፈልጋሉ። አንድ ምድብ የፎቶግራፍ ሰሌዳዎቹን ያገላብጥ፤ አንዱ በኮምቦልቻና በደሴ ከጣሊያን ዘመን የቀረውን ግድግዳና መሠረት በሜትር ይለካ፤ ሌላው ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወረባቦዋ ቢስቲማና ወደ ቃሉ ገጠሮች ወጥቶ አረጋውያን ከአባቶቻቸው የሰሙትን በድምፅ ይቅዳ። የተገኘው ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በ1 ለ72፣ ከነካፕሮኒው፣ ከነአርበኛው ተራራ ይሠራና ደሴ ሙዚየም ይቀመጥ። ወጪው ካርቶን፣ ማጣበቂያ፣ ቀለምና የተማሪ ጉልበት ነው። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች በዘንድሮው የመመረቂያ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት፤ አባቱ ወይም አያቱ ስለዚያ ሜዳ የነገሩት አንባቢም ዛሬውኑ ጽፎ ያስቀምጠው።